ጾም የመሰለኝ ኩርፊያ

በእኛ ቤት ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁለት ነገር ይወጣል፤ ቅቤው ከጓዳ፣ እኔ ከመኝታ ቤት። ቅቤው አፉ ታስሮ ጎረቤት ይቀመጣል፤ እኔ ጋቢዬን ይዤ ሳሎን ያለው መደብ ላይ እጠቀለላለሁ። ፋሲካ ሲደርስ ሁለታችንም እንመለሳለን። ቅቤው ቀድሞ ይገባል፣ እኔ እከተላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። "ውጣ" ያለኝ የለም፣ "ግባ" ያለኝም የለም። በእኛ አገር ይሄ በአፍ አይነገርም። ጾሙ ይናገራል፣ ባልና ሚስት ዝም ይላሉ።

ያ ዝምታ ነው ጉድ የሰራኝ።

የምተዳደርበትን ስራ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ላም አዳቃይ ነኝ። የተመረጠ ኮርማ ዘር፣ በናይትሮጅን በቀዘቀዘ ትንሽ ጋን ይዤ፣ በሞተር ከመካነ ሰላም ወደ ገጠሩ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ገበሬው "ባለሞተሩ ኮርማ" ይለኛል። መንደር ስገባ ሽማግሌዎቹ "ኮርማው መጣ፣ ላሞቻችሁን ያዙ!" ብለው ይጮሃሉ። እኔ ደግሞ ቀልድ ተጀምሮ ዝም ማለት አልችልም። ቦርሳዬን ከፍ አድርጌ "ቀንዴን እዚህ ውስጥ ነው የከተትኩት" እላለሁ። ሰው ይስቃል፣ እኔም ስራዬን ሰርቼ እመለሳለሁ።

የሙያዬ ዋናው ነገር ምልክት ማየት ነው። ላም ስትፈልግ ትናገራለች። ትጮሃለች፣ መኖ ትተዋለች፣ ትቅበጠበጣለች፣ ሌላ ላም ላይ ትወጣለች። ለገበሬም ይሄንኑ ነው የማስተምረው፤ "ጠዋት ካየሃት ከሰዓት ጥራኝ፣ ማታ ካየሃት ጠዋት ጥራኝ፤ ካሳለፍካት ግን ሃያ አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ጠብቅ።" ይሄን ያህል አውቃለሁ። ይሄን የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ፣ ገዛ ቤቱ ውስጥ የሆነውን ሳያይ ወራት የከረመው።

ነገሩ የተጀመረው ቅበላ ሰሞን፣ የዘመዳችን ልጅ ክርስትና ላይ ነው። ድንኳኑ ሞልቷል፣ ጠላው ይቀዳል። ከዛ በኋላ ስጋ እስከ ፋሲካ ስለማይገኝ ሰው እንደ መንገደኛ ነው የሚበላው። አጠገቤ ከአጅባር የመጡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጨዋታ ወዳድ ናቸው። እኔን የመሰለ ሰው ነው ያጋጠማቸው።

"አንተ፣ የላም አዳቃዩ አንተ ነህ አሉ" አሉኝ።

"አዎ አባባ።"

"የወረዳውን ላም ሁሉ ያስወለድክ?"

"እግዜር ረድቶኝ።"

"ቤትህስ ስንት ልጅ አለህ?"

"አንዲት ሴት ልጅ።"

"አንዲት ብቻ! ምነው ባክህ፣ ለገዛ ቤትህ ሲሆን ዘሩ አለቀብህ?"

ሰው ሳቀ። ሰው ሲስቅ እኔን አንድ ነገር ይይዘኛል፤ የሌላ ሰው ቀልድ ላይ የራሴን ካልጫንኩበት አላርፍም። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩና "አባባ፣ ላም ብትሆንማ ምልክት ታሳየኝ ነበር! የእኔይቱ አትጮህ፣ አትቅበጠበጥ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ቦርሳዬን አንግቼ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ!" አልኩ።

ድንኳኑ ተናወጠ። ሽማግሌው እንባቸውን ጠረጉ። አንዱን ጠላው ትን ብሎት ጀርባውን ይደበድቡት ጀመር። ዞር ስል ባለቤቴ የወጥ ሳህን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትስቃለች። እሷም ሳቀች ብዬ ይበልጥ ደስ አለኝ።

ከልጃችን በኋላ ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባታል። ያን ቀን ይሄ ትዝ አላለኝም። ረስቼው አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም። ግን ሰው እየሳቀልኝ ሳለ ጭንቅላቴ ውስጥ ሌላ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ የለም። እንዲህ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት ልል ፈለግሁና፣ ፈጣሪ ምን አደረገ ብዬ ተውኩት።

ሰኞ ጾም ገባ። እንደ ልማዴ ጋቢዬን አጣጥፌ ልወጣ ስል ባለቤቴ ትራሷን ይዛ ቀደመችኝ። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ክፍሏ ባዶ ነው።

"አንተ እዚሁ ተኛ። መደቡ ወገብህን ይጎዳዋል" አለችኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ መደብ ወገቤን ሲያደቅቀው ማንም አስቦልኝ አያውቅም። ልቤ ተነካ። ነጠላዋን ከሚስማሩ ወሰደች። ቅባቷን ከመስኮቱ ላይ አነሳች። ሳጥኗን በአንድ እጇ እየጎተተች ስትወጣ በሩን ከፍቼ ያዝኩላት። ለሃምሳ አምስት ቀን ሳጥን ምን ያደርጋል ብዬ አልጠየቅሁም። ላም እንዲህ ብታደርግ ሞተሬን አስነስቼ እመጣ ነበር።

ጾሙን ሙሉ ጸጥ ብላ ነው የጾመችው። ከምግቡም ከወሬውም። እኔም ኮራሁ። የነፍስ አባታችንን መንገድ ላይ ሳገኛቸው "መምሬ፣ ዘንድሮ ባለቤቴ ምን አይነት ጾም እየጾመች መሰልዎ! ቃል እንኳ ከአፏ አይወጣም" ብዬ አወራሁላቸው። "የታደልክ ነህ" አሉኝ። እውነትም የታደልኩ መስሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ፋሲካ መጣ። ፀጉሬን ተቆረጥኩ፣ ሸበቶዬን ግን ፀጉር ቆራጩ ሊቀባልኝ ሲል እንቢ አልኩ፤ ቀለሙ ትራስ ላይ ይለቃል ብዬ። እንግዲህ ተስፋዬን እዩልኝ! አዲስ አንሶላም ገዛሁ፣ አበባ ያለበት። ቅቤው ገባ። ዶሮው ተሰራ። እንግዳ መጣ፣ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ባለቤቴ ሳህኖቹን አጣጥባ ጨረሰች፣ እጇን በቀሚሷ አደራረቀች፣ "ትንሽ ጋደም ልበል" አለች። እኔም ቀስ ብዬ ተነሳሁ። እሷ ወደ ልጅቷ ክፍል ገባችና በሩን ገጠም አደረገችው። አበባ ያለበት አንሶላ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ደክሟት ነው አልኩ። ድግስ ቀላል ነው?

በማግስቱም ደክሟት ነው አልኩ። በሳምንቱም።

ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሰበብ የሌለበት ሃምሳ ቀን ነው። በጾሙ ጊዜ አልጋ መለየታችን ወግ ነበር፤ አሁን ምንድነው? ብጠይቃት "ለምን አልመጣሽም?" ልላት ነው። ይሄን ጥያቄ ከአፌ ለማውጣት አራት ጊዜ ሞከርኩ። አንዴ "ለምን..." አልኩና "ለምን ሽሮው ቀጠነ?" ብዬ ጨረስኩት። ሽሮው አልቀጠነም ነበር። በነጋታው ወፍራም ሽሮ ሰራችልኝ፣ ዝም ብዬ በላሁት።

የሰኔ ጾም ሲገባ፣ ታምኑኛላችሁ? ደስ አለኝ። ቢያንስ ለብቻዬ የምተኛበት ምክንያት ተገኘ።

ደግሞ ስራ ፈት ሆኛለሁ። መንገዱ አላስተማምን ብሎ ናይትሮጅን በጊዜው አይመጣም፤ ናይትሮጅን ከሌለ ዘሩ ይበላሻል፤ ባለሞተሩ ኮርማ ቤቱ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ባለቤቴ በአጠገቤ ታልፋለች። ሳንጋጭ ነው የምንተላለፈው። ጠባብ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ጨርሶ ሳይነካካ መኖር እንዴት ያለ ጥበብ እንደሚጠይቅ ያወቅሁት ያኔ ነው። በር ላይ ስንገናኝ አንዳችን ቆመን ሌላው እስኪያልፍ እንጠብቃለን። እንደ ቢሮ።

ጓደኛ አለኝ። ጎረቤታችን ነው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሙስሊም። ያ የጾም ቅቤያችን የሚቀመጠው እነሱ ቤት ነው። ሱቁ ገብቼ ጉዳዩን ስለ ሌላ ሰው አስመስዬ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "ይሄ ሰውዬ ሞተር አለው?" አለኝ።

"አለው" አልኩ።

"ወላሂ ታሳዝናለህ። ስንት ወር ሆነህ?"

"አራት ሊሞላ ነው።"

"ያ ረቢ! አናግራታ!"

"ምን ብዬ?"

"እንደ ሰው። ሳትቀልድ።"

"እሱን አልችልበትም። ሌላ መድኃኒት የለህም?"

ራሱን ነቀነቀና ከባንኮኒው ስር ሽቶ አወጣ። አንገቴን፣ የእጄን አንጓ፣ ጆሮዬን ቀባባኝ። "አብሽር፣ ዱዓ አደርግልሃለሁ" ብሎ ሸኘኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ አየር ሳብ አደረገችና "ጨርቅ ስትለካ ነው የዋልከው?" አለችኝ። መስኮቱን ከፈተችው።

ነፍስ አባታችንም ጋ ሄድኩ። "ይፍቱኝ መምሬ፣ ያ ጾም አልተፈታም" አልኳቸው። ሲገባቸው ጊዜ ወሰደባቸው። ከዛ ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ ስለ መከልከሉ ብትጠይቀኝ ብዙ አውቃለሁ። ስለዚህኛው ግን... መፍትሄ ካገኘህ ለኔም ንገረኝ" አሉኝ። እሳቸውም ባለትዳር ናቸው።

በመጨረሻ ወደ ስልኬ ዞርኩ። ልጄ በስልኬ ላይ የጫነችልኝ ነገር አለ፤ አንዷ ቀጭን ሴትዮ ስለ ትዳር ትመክራለች። "በትዳር የቆያችሁ ጥንዶች መነካካት ካቆማችሁ ከትንሹ ጀምሩ። መንገድ ስትሄዱ እጅ ለእጅ ተያያዙ" አለች። ሰምቼ ሳቅሁ። በእኛ ከተማ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱት ሁለት ወንድ ጓደኛሞች ናቸው፣ ወይ ደግሞ በሽተኛና አስታማሚ። ባልና ሚስት? ባል ፊት ይሄዳል፣ ሚስት ትንሽ ወደ ኋላ ብላ ትከተላለች። ቢጣሉም ቢዋደዱም ያው ነው፤ ከሩቅ አይለይም። ግን ሌላ ምን ቀረኝ?

የገበያ ቀን ነበር፣ ዝናብ ያዘለ። ባለቤቴ ድንችና ሽንኩርት ገዝታ በዘንቢል ይዛለች፣ እኔ ጤፉን ተሸክሜያለሁ። ጤፉን ለባጃጅ ሰጠሁትና ባዶ እጄን ቀረሁ። እሷ እንደ ልማዷ ወደ ኋላ ቀረት ስትል እኔም ቆምኩ። ቆመች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። እሷም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ሰው እያየን ነው። ልቤ እንደ ኮረዳ ይመታል። ዓይኔን ጨፈንኩና ዘንቢሉን ያልያዘውን እጇን ያዝኩት።

ዘንቢሉ ወደቀ።

"ምን ሆንክ?" አለች። ፊቷ ተለዋወጠ። "አዞረህ?"

እውነቱን ልናገር ነበር። እጇ ግን እጄ ውስጥ ነው፤ ሻካራ ነው፣ የሽንኩርት ልጣጭ ለጥፎበታል። ደግሞ አጥብቃ ይዛኛለች። አራት ወር ሙሉ ያላገኘሁት ነገር ነው። "አዎ... አዞረኝ" አልኩ።

"እመቤቴ! ደም ግፊት ነው። አባትህም እንዲሁ ነበሩ።"

ክንዴን በክንዷ ጠምዳ ያዘችኝ። ሰው ከበበን። "ውሃ ስጡት!" ይላል አንዱ። "አታስተኙት!" ይላል ሌላው። "አብሽር፣ አብሽር፣ ምንም አትሆንም" ይሉኛል የማላውቃቸው ሁሉ። አንድ የማውቀው ገበሬ ከሩቅ አይቶኝ "ኮርማው ወደቀ!" ብሎ ጮኸ። ዘንቢሉን ሰው አነሳልን። ጤና ጣቢያው ድረስ እንዲህ ተደግፌያት ሄድኩ። ጭቃ ስንሻገር ወገቤን ያዘች። ከተማው ሁሉ ያየናል፣ ሰውም አዘነልን እንጂ ማንም አልሳቀ። እንደዚያን ቀን መንገዱ ምነው በረዘመ ብዬ ተመኝቼ አላውቅም። ባጃጅ ልትጠራ ስትል "መንቀጥቀጡ ይብስብኛል" አልኳት። ውሸት ላይ ውሸት። ግን ትከሻዋ እዚህ ነበር፣ አገጬ ስር።

ጤና ጣቢያ የተቀበለን ወጣት ባለሙያ ነው። "ይቀመጡ አባባ" አለኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለቤቴን "እትዬ" አላት። ይሄን በልቤ ያዝኩት። ክንዴን አስሮ ነፋ፣ አዳመጠ፣ ደግሞ ነፋ። "ደም ግፊትዎ ጥሩ ነው። የወጣት ነው" አለ። ስኳሬን ለካ። ደህና ነው። ዓይኔን አየ። ደህና ነው። "መቼ መቼ ነው የሚያዞርዎት?" አለኝ። ባለቤቴ ታየኛለች። መሬት መሬት አየሁ።

ያኔ ገባት መሰለኝ። "እንሂድ" ብላ ነጠላዋን ልታጣፋ ቀኝ እጇን አነሳችና "እ!" አለች። ትንሽ ድምፅ ናት። ባለሙያው ቀና አለ።

"እትዬ፣ ክንድዎን ምን ሆነው ነው?"

"ምንም።"

"እስቲ ከፍ ያድርጉልኝ።"

ከፍ አደረገች። እስከ ደረቷ ድረስ ሄደና ቆመ። ከዛ በላይ እንቢ አለ። ጥርሷን ነክሳለች። እሱ ከኋላ ሆኖ ሊያግዛት ሲሞክር ከዓይኗ እንባ ዱብ አለ።

ነገሮቹ አንድ በአንድ ይመጡብኝ ጀመር። የልብስ ማስጫው ገመድ ከሚያዝያ ጀምሮ ዝቅ ብሎ ነበር፤ አንገቴን ሲይዘኝ "ልታንቂኝ ነው?" ብዬ ቀልጄባታለሁ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የነበሩት ዕቃዎች ሁሉ ወርደዋል። ፀጉሯን ሹሩባ መሰራት ትታ ሻሽ ብቻ ታስራለች። ያን ሳጥን በአንድ እጇ ነበር የጎተተችው። በሩን ከፍቼ ያዝኩላት እኮ!

ባለሙያው አስረዳን። የትከሻዋ መገጣጠሚያ ደርቋል፣ በዚህ ዕድሜ ይመጣል፣ ቀስ እያለ ይፈታል ግን ወራት ይፈጃል። ማስታገሻ ጻፈላት። "በየቀኑ ክንድዎን ቀስ አድርጎ የሚያነሳልዎት ሰው ያስፈልጋል። ሲያምዎት ማቆም ነው። ቤት ሰው አለ?" አላት።

ባለቤቴ የመድኃኒቱን ወረቀት አጠፈች። "አለ" አለች።

ውጪ ግቢው ውስጥ አንድ አግዳሚ ነበረ። "ትንሽ እንቀመጥ" አልኳት። ተቀመጥን። በመሀላችን ዘንቢሉ አለ።

"መቼ ነው የጀመረሽ?"

"ጥቅምት።"

"ጥቅምት! ለምን አልነገርሽኝም?"

"መጀመሪያ ይተወኛል ብዬ ነው። ሲብስ ልነግርህ አልኩ። ከዛ ያ ክርስትና መጣ።" ሽንኩርቶቹን በግራ እጇ ታስተካክላለች። "ከዛ በኋላ ምን ብዬ ልንገርህ? ክንዴ አልነሳ አለኝ ብልህ በሳምንቱ የወረዳው ገበሬ ሁሉ ይስቅበታል።"

"ስቀሽ ነበር እኮ አንቺም። አይቼሻለሁ።"

"ሳህን ይዣለሁ። ያ ሁሉ ሰው ያየኛል። ምን ላድርግ፣ ወጡን ልድፋባችሁ?"

እጇን ከሽንኩርቱ አነሳች። ከዛ፣ ወደኔ ሳታይ፣ "ሽማግሌው ስንት ልጅ አለህ ሲሉህ፣ እኔ ከኋላህ ቆሜ በልቤ ሦስት ብዬ ነበር" አለች።

እዚህ ላይ ሰው የሚለው ነገር አለ። "ማሪኝ" ይባላል። አንዲት ቃል ናት፣ ሕፃን ልጅ ይላታል። አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን "በቃ እንደ አውድማ በሬ አፌን እሰሪልኝ፣ ገመዱን እኔ አመጣለሁ" የሚል ነው።

"ይኸው" አለች።

"ምን አልኩ?"

"ይኸው አልኩ እኮ።" ከዛ ዞር ብላ ፊት ለፊት አየችኝ። እንዲህ ካየችኝ ቆይታለች። "እስቲ አንድ ነገር ሳትቀልድ በለኝ። አንድ ነገር ብቻ።"

እውነትም ጠበቀችኝ። እኔም ፈለግሁ፤ እግዜር ያውቃል ፈለግሁ። የመጣልኝ ሁሉ ቀልድ ነው። አንዱን ወደ ውስጥ ስገፋው ሌላው ይመጣል። እነሱን ገፍቼ ገፍቼ ስጨርስ ከስር ምንም የለም፤ ባዶ ጉሮሮ ብቻ። ባለቤቴ እዛው ተቀምጣ አየችኝ፣ አየችኝና ዝናቡ ጀመረ። "ተነስ፣ ሽንኩርቱ ሊበሰብስ ነው" አለች። ወደ ቤት ስንሄድ ፊት ፊት የሄደችው እሷ ናት።

ከዛ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ስትወጣ፣ ባለቤቴ ወደ ሳሎን ትመጣለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዋን ወደኔ አድርጋ ትቆማለች። ክንዷን በሁለት እጄ እይዛለሁ፤ አንዱ ክርኗ ስር፣ አንዱ አንጓዋ ላይ። ቀስ አድርጌ አነሳለሁ። "በቃ" ስትል አቆማለሁ፣ ትንሽ ይዤ እቆያለሁ፣ አወርደዋለሁ። አስር ጊዜ። ከዛ ወደ ስራዋ ትሄዳለች። ሌላ ምንም የለም። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር የኖርኩ ሰው የተፈቀደልኝ አንድ ክንድ ነው፣ እሱም የሚያመው።

ሰው ይሄ ጅምር ነው ይለኝ ይሆናል። ጨርቅ ነጋዴው ጓደኛዬ ብሎኛል፤ "አልሃምዱሊላህ፣ በሩ ተከፈተ!" አለኝ። እኔ እንጃ። ባለፈው ሳምንት ልጃችን ደውላ ለክረምት እንደምትመጣ ነገረችን። የስልኩ ድምፅ ለሁለታችንም ይሰማል። አልጋው አንድ ነው፣ ክፍሉ የእሷ ነው፤ እናቲቱ እንግዲህ የት ልትሄድ ነው? ጆሮዬን ቀሰርኩ። "ነይ ልጄ፣ አልጋሽ ሰፊ ነው፣ አብረን እንተኛለን" አለቻት። ልጅቷ "እሺ እማ" አለች። ሌላ አልጠየቀችም። ቀልደኛ አባት ያላት ልጅ መቼ ዝም ማለት እንዳለባት ታውቃለች።

በማግስቱ ጠዋት እንኳ ክንዷን ሳነሳ ልጠይቃት አልደፈርኩም። ብገፋው እንደሚያማት አውቃለሁ። ባለሙያው ያለው ይሄንኑ ነው፤ እስከሚያማት፣ ከዛ ማቆም። እኔ ግን የት ጋ እንደሚያማት ሳልነካት እንዴት ላውቅ? ሳልገፋ እንዴት ላውቅ? ስለዚህ "በቃ" እስክትል እጠብቃለሁ። ሌላ የማውቀው መንገድ የለም።

ዛሬ ጠዋት ስድስተኛው ዙር ላይ "በቃ" ሳትል ቀረች። ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ወሰድኩት። ትንፋሿን ይዛለች። እኔም ይዣለሁ።

"የት ደረሰ?" አለችኝ ወደ ግድግዳው።

"ጆሮሽ ጋ።"

"ውሸትህን ነው።"

"እውነቴን ነው።"

"ቀልድ አይደለም?"

"አይደለም" አልኩ። ሌላ ነገር ልጨምርበት ነበር፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዋጥኩት። ጉሮሮዬን እየቧጠጠ ነው የወረደው።

ሁለታችንም እንዲያ ቆመን ቆየን። ክንዷ ከብዶኛል፣ አልወረደም። ፊቷን አላየሁትም፤ ወደ ግድግዳው ነው። የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ፣ ወይ የምታስፈጨውን ጤፍ እያሰበች ይሁን፣ ከኋላ ሆኖ የሚያውቀው የለም። ሻሿ ወደ አንድ በኩል ተንሸራቷል። ላስተካክልላት ሁለቱም እጄ ተይዟል።

"በቃ" አለች።

አወረድኩት።